በንፋስ ስልክ ነፋስ ያጣች ሣጥን

የአገራችን ሰው በታሪኩ ብዙ ጠላት አይቶ፣ ከሁሉም ጋር እንደየአመጣጡ ተናንቆ፣ ክብሩን ጠብቆ የኖረ ሕዝብ ለመሆኑ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ፊት ለፊት ሊገጥመው ያልደፈረ፣ በሩን ዘግቶ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ጆሮውን በጥጥ ወትፎ የሚሸሸው አንድ ባላጋራ ቢኖር፣ እርሱ በታክሲ መስኮት በሁለት ጣት ስፋት የሚገባው ነፋስ ነው።

ይህን የምለው በሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔ ራሴ ስድሳ ከዘለለው ዕድሜዬ የሚበዛውን መስኮት በመዝጋት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከብስራተ ገብርኤል ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ባጋለችበት ሰዓት፣ ደዌዋ ሙቀት የሆነ አንዲት ላፕቶፕ እንደ ታመመ ሕፃን በጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረ ጎረምሳ መስኮቱን ከፈት ቢያደርገው፣ ከኋላ ወንበር «ኧረ ወንድም፣ ነፋሱ ጨረሰን!» የሚል የሴት ድምፅ ተነሣ፤ ረዳቱም፣ ሹፌሩም፣ ላቡ በግንባሩ ላይ የሚንቆረቆር አንድ ወፍራም ሰውዬም በአንድ ቃል አጸደቁት፤ መስኮቱም ተዘጋ። በዚያች ደቂቃ ወደ ሣጥኒቱ ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩና፣ ለዚህ ያበቃት ምን እንደሆነ ገና ባላውቅም፣ ከእኛ ከተሳፋሪዎቹ ጋር በአንድ ደዌ እንደታመመች ልቤ ጠረጠረ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህ ሁሉ የሚሆነው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መሆኑ ነው። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው፣ ቀደም ባለው ዘመን ሽቦ ሳይዘረጋ፣ ምሰሶ ሳይተከል፣ ቃልን በአየር ላይ ያስተላልፍ ከነበረው ገመድ አልባ መሣሪያ ነው፤ የጥንቱ ሰው ምሥጢሩን መርምሮ ባይደርስበት «መቼም በነፋስ ካልሆነ በምን ይሄዳል?» ብሎ የሰየመው መሆን አለበት። እንግዲህ ነፋስን ለመልእክተኛነት ሾሞ ሰፈሩን በስሙ የጠራ ሕዝብ፣ ያንኑ ነፋስ በቤቱ መስኮት በኩል ብቅ ሲል እንደ ሌባ ያባርረዋል።

ላፕቶፒቱ ወደ ቤቴ የመጣችው ከቨርጂኒያ ነው። እዚያ የምትኖረው እህቴ፣ ልጇ ለጨዋታ ገዝቷት ኋላ የተሻለች ስትመጣ የጣላትን፣ «ወንድሜ በጡረታው የሚጽፈውን ይጻፍባት» ብላ በመንገደኛ ሻንጣ ላከችልኝ። ክብደቷ የወፍጮ መጅ ያህላል፤ ከፊደሎቿ ሥር ቀይ መብራት ይቀጣጠላል፤ በጎኗና በጀርባዋም እንደ ዓሣ ስንጥቅ ያለ ትንፋሽ ማውጫ አላት። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሽማግሌ የዕድር ማመልከቻና አልፎ አልፎ አንዳንድ ወግ ይጽፍባት ዘንድ እንዲህ ያለች መሣሪያ መስጠት፣ በጉግስ ፈረስ ውሃ እንደ ማስቀዳት ነበር። ፈረሲቱም ዝም ብላ ውሃ ስትቀዳ ሁለት ዓመት ቆየች።

እውነተኛ ሥራዋን ያገኘችው የወንድሜ ልጅ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምር ነው። ልጁ የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ሳምንታት የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ ካላገባሁ ብሎ ሲነሣ፣ እርሱ ቀን ሙሽሮችን ሲያሳድድ ውሎ ማታ ማታ የቀረጸውን ላፕቶፒቱ ላይ ይዘረግፍና፣ እርሱ «ሬንደር» በሚለው ሥርዓት ሌሊቱን በሙሉ እንድትፈጨው አዝዟት ይተኛል። እኔም ለምን እንዲህ እንደምትለፋ ብጠይቀው ነገሩን በእንግሊዝኛ ቃላት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ፈትቼ ሳየው ግን እንዲህ ነው፦ በሣጥኒቱ ውስጥ ሁለት አእምሮ አለ። አንደኛው እንደ አንድ ሊቅ አለቃ ነው፤ የቀረበለትን ከባድ ጥያቄ በተራ በተራ መርምሮ ይፈታል። ሁለተኛው፣ ግራፊክስ ካርድ የሚባለው፣ ሊቅ ሳይሆን ደቦ ነው፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሠራተኞች በአንድ እርሻ ላይ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ቀላሏን ሒሳብ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የተለመደ ስክሪን ወደ ጎን 1,920 ወደ ታች 1,080 ነጥብ ስላለው፣ ባንድ ላይ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ይሆናል፤ ደቦውም ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟን እየቆረጠ፣ ይህንኑ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ይደግመዋል። የሙሽሪት ቬሎ ነጭ መስሎ የሚታየን በዚህ ሁሉ ላብ ነው።

ደቦ ባለበት ደግሞ ላብ አለ። እንዲህ ካሉት ካርዶች መካከል ሥራ ሲበዛባቸው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ የሚበሉ አሉ፤ የበሉትም ከሞላ ጎደል ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። የድሮዋን የ100 ዋት አምፖል በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጣቱ ይመሰክርለታል፤ ያንን አምፖል አብርቶ በጋቢ ጠቅልሎ የሚተኛ ሰውም እስከዚያ የታክሲ ቀን ድረስ የለም ብዬ አምን ነበር።

ሕመሟ የጀመረው በድምፅ ነው። ከእኛ ሰፈር አጠገብ እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት እየተባለ የሚጠራ አካባቢ አለ፤ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ከዞሩ ከ60 ዓመት በላይ ቢያልፍም ስሙ ቀርቶለታል። አንድ ሌሊት ማራገቢያዋ እንዲህ ባለ ጩኸት ተነሣች፤ በማግስቱ የግቢያችን ባለቤት እትዬ ቡና ላይ «ጋሽ መምህር፣ ሌሊት አልሰሙም? አውሮፕላኖቹ ተመለሱ ልበል?» ብለው ጠየቁኝ። ልጁ ሙቀቷን የሚለካ ፕሮግራም ጫነባትና በስክሪኗ ጥግ ቁጥር መታየት ጀመረ፤ ሬንደሩም ሲጀመር ቁጥሩ 71፣ 78፣ 85 እያለ ወጣ፤ እኛም እንደ ምርጫ ውጤት ዙሪያዋን ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። 93 ላይ ሲደርስ የመምህርነት ልማዴ ተቀሰቀሰብኝና፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በእኛ ቤት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስረዳሁ። ባለቤቴም ይህን ሁሉ በጥሞና ካዳመጠች በኋላ «እንግዲያስ ጀበናውን ላምጣው?» አለች።

እትዬ ግን ነገሩን በቀልድ አላዩትም። እጃቸውን በክዳኗ ላይ አሳርፈው፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ «ምች ነው» ሲሉ ፈረዱ። ምች እንዴት ላፕቶፕ ይመታል ብል፣ «ፀሐይ ላይ አውጥተህ፣ ከዚያ ነፋስ ላይ አስቀምጠህ፣ ምን እንዳትሆን ትፈልጋለህ?» ብለው፣ ሲቆጡኝ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ አንቱታውን ወዲያ ጥለው ገሠጹኝ፤ ወደ ጓሯቸውም ሄደው አንድ እፍኝ ዳማ ከሴ ቀጥፈው መጡ። ቅጠሉን አሽቶ በማሽተት ለእኔ የሚበጀኝ መሆኑን አልክድም፤ ለሣጥኒቱ ግን በየትኛው ቀዳዳዋ ይጨመቅላት እንደሆነ እርሳቸውም መልስ ስላጡለት፣ ለክብራቸው ስል ከጎኗ አስቀመጥነው።

እነሆም በዚያ ቀን መስኮት በተዘጋበት ታክሲ፣ ጠጋኝ ፍለጋ ሜክሲኮ ደረስኩ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ሣጥኒቱን ሳይከፍት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብርቶ አይቷት፣ «ፋዘር፣ ፎርማት ትፈልጋለች» አለኝ። ይህች ቃል በጠጋኞች ዘንድ ለሁሉ ደዌ የምትታዘዝ አንዲት ቀኖና መሆኗን ቀድሞ ሰምቼ ስለነበር፣ ስልኩም ጠርቶት ስለነበር፣ ሣጥኒቴን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቦታ ተከራይቶ የሚሠራ ቀጭን ልጅ ነበር፤ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር በራሱ ክንድ ላይ ታጥፎ ቆሟል፤ በግድግዳውም ላይ የሞቱ ማዘርቦርዶች እንደ ሥዕል ተሰቅለዋል። እጁን ከትንፋሽ ማውጫዋ ፊት አድርጎ ጥቂት ጠበቀና «ሂት እያደረገች ነው ጋሼ፤ ግን ነፋስ አይወጣትም» አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሽታውንም ምክንያቱንም የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው።

ጀርባዋን ገልብጦ ብሎኖቿን አንድ በአንድ እየፈታ በክዳን ላይ በተራቸው ደረደራቸው፤ ክዳኑንም ሲያነሣው የሣጥኒቱ ሆድ ዕቃ ታየ። ሁለት ማራገቢያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከቡና ስኒ ማስቀመጫ አይበልጡም። ከማራገቢያዎቹም አፍ ላይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩ ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች ተሰክተዋል፤ ነፋሱ በእነዚህ መካከል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ሊወጣ የሚገባው ነበር። ልጁ በወረንጦ ከክንፎቹ ፊት አንድ ነገር ቆንጥጦ ቢስበው፣ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ሳይቆረጥ የሚወጣ ነገር እየተሳበ መጣ፤ ብርሃን ላይ ሲይዘው ባዘቶ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ብትኖር እንዝርቷን አውጥታ እዚያው ትፈትለው ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች ላፕቶፕ ጋቢ ትለብሳለች እንዴ?» አለኝ።

ትለብሳለች። ምን ልዋሸው? ሌሊት የወንድሜ ልጅ ሬንደር አስጀምሮ ሲተኛ፣ ባለቤቴ ያ ቀይ መብራት ዓይን እንዳይወጋት፣ ድምፁም ሰላማችንን እንዳይነሣ፣ «ብርድም እንዳይመታት» ብላ የእኔን አሮጌ ጋቢ ታለብሳታለች፤ ቀን ደግሞ እንደ ቴሌቪዥኑና እንደ ፍሪጁ፣ ዳር ዳሩ በጥልፍ ያጌጠ ዳንቴል ትደርብላታለች፤ እኔም ስጽፍ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ጉልበቴን በጋቢ ሸፍኜ፣ በጋቢው ላይ አስቀምጣታለሁ። በእኛ ቤት የተከበረ ነገር ሁሉ ይለብሳል። ሣጥኒቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ያከበርናትን ያህል እየተነፈሰች፣ በትንፋሿ ሁሉ ጥቂት ጥጥ፣ ጥቂትም የቀለበት መንገዱን አቧራ ወደ ውስጥ እየሳበች፣ በመጨረሻ ነፋስ መውጫዋ እንደ ተወተፈ ጆሮ ደነቆረ።

ጠጋኙ ልጅ ባዘቶውን በብሎወር አራግፎ፣ ከክንፎቹ ወደ ካርዱ የሚሄዱትን ጠፍጣፋ የመዳብ ቧንቧዎች እያሳየ፣ ውስጣቸው ባዶ እንዳይመስለኝ አስጠነቀቀኝ። በውስጣቸው ጥቂት ውሃ ታሽጓል፤ በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ሲሞቅ ውሃው ይተናል፤ ተኑ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሮጦ እዚያ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም በቧንቧው ግድግዳ ላይ ሰርጎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን ስሰማ የአያቴ ቤት ማድቤት፣ በጭቃ የታሸገው ጋን፣ ከጋኑ አፍ የሚወጣው መቃና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ታወሰኝ፤ አረቄም የሚወጣው እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ይህኛው አረቄ ለማንም ሳይቀዳ ለዘለዓለም በውስጡ መዞሩ ነው። በካርዱና በመዳቡ መካከል ሙቀት እንዲያሻግር የተቀባው ቅባትም እንደ ከረመ የሽሮ ድስት ቅርፊት ደርቆ ነበርና፣ ልጁ ፍቆና በአልኮል ወልውሎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አኖረበት። እኔም ውለታ ለመመለስ ያህል፣ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ተቀምጠው የሠሩልን ማራገቢያ እዚህ ሲዞር ከዚያ ያነሰ አየር እንደሚገፋ አስረዳሁት፤ በእኛ ከተማ ላይ ጋቢ ሲጨመርበት ደግሞ ምን እንደሚሆን ራሱ ደመረው።

ቅባቱ እስኪረጋ ሳለን በግድግዳው ላይ ስለተሰቀሉት ሙታን ጠየቅሁት። አብዛኞቹ ሙቀት የገደላቸው ናቸው አለኝ፤ ቺፑ በየቀኑ እየጋለ በየሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲኖር፣ ከታቹ ከቦርዱ ጋር የሚያያይዙት የብየዳ ነጠብጣቦች ይሰነጠቃሉ። ይህም በድሃ አገር ዕቃ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ኤንቪዲያ ራሱ፣ በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በታየው ደካማ የማሸጊያ ቁስ ምክንያት፣ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጥገናና ለምትክ እንደሚመድብ አስታውቆ ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንዱ ፈረንጅ ካርዱን ነቅሎ እንደ ዳቦ በምድጃ ይጋግረው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የተጋገረውም ለጥቂት ሳምንት ከሙታን ይነሣና፣ መልሶ ይሞታል። ልጁም ሞቃት አየር የሚተፋ መሣሪያውን አንሥቶ አሳየኝና «እሳት የገደለውን በእሳት እናስነሣለን፤ ግን ዕድሜ አንሰጠውም» አለ። የእኔዋ ገና እዚያ አልደረሰችም ነበር፤ ምክንያቱንም ሲነግረኝ አፈርኩ። እንዲህ ያሉት ካርዶች ሙቀት ከልክ ሲያልፍባቸው ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ቀስ ያደርጋሉ፤ እኛ ሰነፈች እያልን ስናማት፣ እርሷ ለካ የእንጦጦን ዳገት እንደሚወጣ አዋቂ ሽማግሌ ትንፋሿን እየቆጠበች ነበር። እኔ ዕድር ስብሰባ ላይ ስግል ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ እንጂ ዝግ ብዬ አላውቅም።

ቤት ስመለስ አዲስ ሥርዓት ተከልኩ። ጋቢው ተከለከለ፤ ዳንቴሉ ከብዙ ክርክር በኋላ ወደ ሬዲዮኑ ተዛወረ። ሣጥኒቱ ከሥሯ ነፋስ እንድታገኝ ግን ከፍ ብላ መቀመጥ ነበረባትና፣ ቤቱን ሁሉ ብፈልግ ለዚህ የሚሆን፣ ጋደል ያለ፣ ከታቹም ክፍት የሆነ አንድ ዕቃ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም አባቴ ዳዊት ይደግምበት የነበረው አትሮንስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጽሐፍ በቀር ሌላ ሲያርፍበት አይቼ ስለማላውቅ ሁለት ቀን አመነታሁ፤ በሦስተኛው ቀን መስቀል አማትቤ አስቀመጥኳት። መስኮቱንም ከፈትኩት።

የካቲት 19 የወሩ የገብርኤል ዝክር ነበርና የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ይዘው መጡ። በማዕዘኑ ሁሉ እየረጩ ወደ እኔ ክፍል ሲገቡ፣ እትዬ ከኋላቸው ደርሰው «አባ፣ ለዚህችም ይርጩላት፤ በምች ታማ ነበር» አሉ፤ የወንድሜ ልጅም ሦስት ሰርግ በሆዷ ውስጥ እንዳለ አስቦ በሁለት እጁ ሸፈናት። አባታችን አትሮንሱን አዩ፤ በላዩ የተቀመጠችውን አዩ፤ ቀይ መብራቷንም አዩ። ስለ አትሮንሱ ተግሣጽ እየጠበቅሁ፣ ከመጠበቅ ይልቅ ቀድሞ መናዘዝ ይሻላል ብዬ ነገሩን ሁሉ፣ ከጋቢው እስከ ባዘቶው፣ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እርሳቸውም የጠበሉን ዕቃ ወደ ጎን አደረጉና «ልጄ» አሉኝ፤ «ንጉሡ እቶኑን ሰባት እጥፍ ባነደደው ጊዜ፣ ገብርኤል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ሊያድን ሲወርድ እሳቱን አላጠፋም፤ በመሐሉ ጠል ያዘለ ነፋስ አነፈሰበት እንጂ። ጠበሉ ለእናንተ ይሁን፤ ለእርሷ መስኮቱን ተዉላት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ አልተዘጋም። ሣጥኒቱ ሌሊቱን ሰርግ ስትፈጭ አድራ ጧት ከ74 ዲግሪ አታልፍም፤ ኦልድ ኤርፖርትም ወደ ጸጥታው ተመልሷል። ይህን ወግ የምጽፈው ግን አልጋ ላይ ሆኜ፣ ከሥራ የተሰናበተውን ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው፤ በተከፈተው መስኮት በኩል የገባው ነፋስ በሦስተኛው ሌሊት ጉንፋን አሲዞኛልና። ባለቤቴ አሁን ቴርሞሜትሩን ከብብቴ ስባ፣ ወደ ብርሃን ይዛ፣ 38 ከግማሽ ብላ አነበበችው፤ እትዬም በሩ ላይ ቆመዋል፤ ምንም አልተናገሩም፤ በእጃቸው ዳማ ከሴ ይዘዋል።